ሁለት ሜትር ኩብ

ዛሬ ትምህርት ቤታችን አዲስ የውሃ ታንከር ተመረቀለት። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ አላጨበጨብኩም።

የሒሳብ መምህር ነኝ። በዚህ በጋምቤላ ሙቀት ልጆቹ በውሃ ጥም ስለተቃጠሉ፣ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ ታንከር ይሠራልን ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስምንት ሺህ ሊትር ማለት ነው።

ደብዳቤውን ያሳጠረው የትምህርት ቢሮ ሰው ግን «ሁለት ሜትር ኩብ» ብሎ አስተላለፈው። አንድ ሜትር ኩብ ደግሞ ሺህ ሊትር ነውና፣ የመጣልን ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ነው!

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ አሪየት በሜትር ለካችው። «ቲቸር፣ ጎኑ አንድ ሜትር ከሃያ ስድስት ነው። ስድስት ሺህ ሊትሩ የት ሄደ?»

ሊመርቅ የመጣውን ያንኑ የቢሮ ሰው ጠየቅኩት። «ያው ሁለት አይደል የጠየቃችሁት? መምህር፣ ነገር አታካብድ!» ብሎኝ ሪባን መቁረጫውን መቀስ አነሳ።

በትክክል የተሰላው ሪባኑ ብቻ ነው። ለሁለት ሜትሩ ታንከር ታስቦ ስለተገዛ፣ ከላይኛው ማዕዘን እስከ ታችኛው በሰያፍ ታስሮም ከአንድ ሜትር በላይ ተርፎ መሬት ይጎተታል።

ውሃው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። አሪየት ሪባኑን ከመሬት አንስታ «ታዲያ ይሄን እንጠጣው?» አለችኝ።

እናንተ ጋስ ሪባን ታስሮለት የተመረቀ ጉድ የለም? እስቲ ጻፉልኝ።