ቅቤ የገባበት ወጥ

ወጥ ስሠራ ቅቤ አልሰስትም። ላፍቶ በተከራየንበት ግቢ ይህን የማያውቅ አልነበረም። አከራያችን ሳይቀሩ፣ «የጎንደሯ ሴት ወጥ ሽታው ከአጥር ውጪ ሰው ይጠራል» ይሉ ነበር። እኔም ሙገሳ እወዳለሁ፤ ምን ልበል።

ወላጆቼ ቤተ እስራኤል ናቸው። እኔ ግን ባል ካገባሁ ወዲህ ክርስቲያን ሆኜ ነው የኖርኩት። ባሌ ሲሞት ልጄን ይዤ፣ እንደ ዘመዶቼ ወደ እስራኤል ለመሄድ ብዬ አዲስ አበባ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ክርስቲያን ሳለሁም ጾሙን በወጉ አልጾምኩም። ከሁለት ያጣ ጎመን ነበርኩ። ልጄ ግን ጉዞ የሚጠባበቁ ሰዎች የኦሪትን ሕግ ወደሚማሩበት ግቢ፣ ከሰፈራችን አጠገብ ካለው ከጋርመንት በታክሲ መመላለስ ጀመረች። እጇን ታጥባ ሳትባርክ እንጀራ አትቆርስም። ሳያት ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ያናድደኛል።

አንድ ዓርብ እዚያው በሕጉ የታረደ ሥጋ ይዛ መጣች። ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ማጥፋት ስለነበረብኝ ተጣድፌ ወጡን ሠራሁ፤ ቅቤውንም እንደ ልማዴ ጨመርኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጄ ሻማ አብርታ ባረከችና ገበታ ቀረብን። አከራያችን የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ብቅ ብለው አጠገባችን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፏ ስዘረጋ ፊቷን መለሰች።

«እማ፣ ሥጋው ቅቤ ገብቶበታል። አልበላም።»

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምነው፣ አንቺም እንደኔ ዓርብን ትጾሚያለሽ እንዴ?» አሉ አከራያችን፣ ሊያስቁን። ማንም አልሳቀም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የእናት ጉርሻ ይመለሳል? ይሄ ጥጋብ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ደረቅ እንጀራ በልታ ተኛች። ወጡን እኔ በላሁት፤ አልጣመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከደጅ ስመለስ ክፍላችንን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ልጄ ስትጸልይ ሰማኋት። በዕብራይስጥ የምትለውን ጨርሳ በአማርኛ ቀጠለች።

«አምላኬ፣ ይህን በእናቴ ላይ አትቁጠርባት። ባለማወቅ ነው ያደረገችው።»

የእኔ እናት ሥጋ ባለበት ድስት ቅቤ አስጠግታ አታውቅም። ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል ተብሏል ብላ፣ ምክንያቱንም በልጅነቴ ነግራኛለች። አልረሳሁትም። ትናንትም ቅቤውን በማንኪያ ሳነሳ ትዝ ብሎኝ ነበር። «ዛሬስ ወጧ አይጥምም» እንዳልባል ብዬ ነው የጨመርኩት። እግዚአብሔርን ትቼ ጎረቤት ፈራሁ። የወለድኳት ልጅ ደግሞ ሳታውቀው በሐሰት ትመሰክርልኛለች። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከምትጸልይበት ምንጣፍ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«በይ እንግዲያው ራስሽ ንገሪው» አለችኝ።