ማማ የመረጡት ቤት

ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ውስጥ የማገለግልበት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነበር። ከላይ ከፊሌ፣ ማለት ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አውጥቶ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ከታች እናቱ ይኖራሉ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከአልጋ የማነሳቸው፣ የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን የምገፋው እኔ ነኝ። ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ “ማማ” ነበር የምላቸው። እሳቸውም ካልተቆጡ በቀር “ልጄ” ይሉኝ ነበር።

የሄድኩት በፈረንጆቹ 2013 መግቢያ ላይ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ኢቃማ የሌለው ሐበሻ ከየሰፈሩ እየታፈሰ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ወረቀቴ የተሟላ ስለነበር የነካኝ የለም። የከፊሌ ሚስት፣ ማዳም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ከግቢው በር እንዳልወጣ ከለከለችኝ። “ብትጠፊ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ኸላስ፣ አትወጪም” አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሪያድ የማውቀው የግቢውን ግንብ፣ ግንቡ ሥር የበቀለችውን ቁርቁራና ከሰገነቱ ላይ የሚታየኝን የጎረቤት የውኃ ታንከር ነበር።

ማማ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል። ቀድሞ የሚያዩት የቁርዓን ጣቢያ ነበር። አንድ ቀን ሪሞቱን ስወለውል ጣቢያው ተቀየረና አንዲት ፈረንጅ ከባሏ ጋር ባዶ ቤት ውስጥ ስትዞር መጣች። ልመልሰው ስል እጃቸውን አነሱ።

“ተይው፣ ተይው። ምን ጠፍቷቸው ነው?”

ቤት እየፈለጉ ነበር። ውለን አድረን እንደገባን፣ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባልና ሚስት ይመጣሉ። ደላላው ሦስት ቤት ያሳያቸዋል። እነሱ ቁም ሣጥን ይከፍታሉ፣ ቧንቧ ይሞክራሉ፣ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና የትኛውን እንደሚወስዱ ይናገራሉ። ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ ይሄዳል። ማማ ማንበብ አይችሉም፤ እኔም ዓረብኛን በአፌ እንጂ በፊደሉ አላውቀውም። ስለዚህ ፊታቸውን እያየን ንግግራቸውን የምንፈጥርላቸው እኛ ነበርን።

“ሴትዮዋ ማድቤቱን ጠላችው” እላለሁ።

“ትጥላው! ከሳሎኑ ጋር ምን መለያ አለው? እንግዳ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ሊሸተው ነው? ወንድ እንግዶች የሚቀመጡበት መጅሊስስ የታለ? ሴቶቹ በየት በኩል ነው የሚገቡት?”

ማማ በእያንዳንዱ ቤት ክፍል ያድሉ ነበር። “ይሄ ለእኔ፣ የጠዋት ፀሐይ አለው። ይሄ ለልጄ። ያ ጥግ ያለው ደግሞ ላንቺ፤ መስኮቱ ወደ ዛፉ ነው።” መጀመሪያ ያሉኝ ቀን ሳቅኩ። የእኔ ክፍል ሰገነቱ ላይ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን የተለጠፈች፣ መስኮት የሌላት ነበረች። ከሳምንት በኋላ ግን ደላላው በር ሲከፍት ከማማ ቀድሜ የራሴን ክፍል መፈለግ ጀመርኩ። ጠዋት ልብስ ሳሰጣ አልጋዬን በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደማደርገው አስብ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደያዘን ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ቤቶቹ ያምሩ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። እኔ ግን የምጠብቀው ጠረጴዛው ጋ የሚቀመጡባትን ደቂቃ ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ የሚፈልገውን ሲጠየቅ፣ ሲያመነታ፣ መልሱን ሲጠብቁት ማየት ይገርመኝ ነበር። እኔን ማን ጠየቀኝ? ከአገሬ ስነሳ ወኪሉ “ሪያድ ነሽ” አለኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደግሞ ከፊሌ ስሜን ከወረቀት አንብቦ ወሰደኝ። ማማም አንድ ቀን ያገቡበትን ቀን ነገሩኝ።

“ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ተሸፋፍኜ ጀራዲያ ሰፈር አንድ ጭቃ ቤት አስገቡኝ። ፊቴን ስገልጥ ቤትሽ ይሄ ነው አሉኝ። ወደዚህ ስንመጣም የልጆቼ አባት ጠዋት ተነስቶ ዕቃ ጫኑ አለ። በቃ።”

ሁልጊዜ ደስ እያለን አልነበረም የምናየው። ባልና ሚስቱ ማማ የወደዱትን ቤት ትተው ሌላ ሲወስዱ፣ ማማ “አጥፊው” ይሉና እራት ሳይቀምሱ ያድራሉ። አንዲት ሴት ደግሞ ከክፍሌ አራት እጥፍ በሚሆን መኝታ ቤት መሐል ቆማ፣ ሁለት እጇን ወደ ግድግዳና ግድግዳው ዘርግታ፣ እንደጠበባት በምልክት ስታሳይ አየኋት። ማማ ሳቁ። እኔ ሰገነት ላይ ወጥቼ፣ ማሽኑን አስነስቼ፣ ድምፁ እስኪያልቅ አለቀስኩ።

በ2015 ከረመዳን በፊት ከፊሌ ወደ ታች ወረደና እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ።

“እናቴ፣ ይሄ ቤት አርጅቷል። ወደ ሰሜን እንሄዳለን። ነገ ቤት እናያለን፤ እርስዎም አብረውን አይተው ይመርጣሉ።”

ማማ በደህናው እጃቸው አገጩን ቀና አደረጉት። “እኔ ነኝ የምመርጠው?”

“እርስዎ ነዎት እንጂ።”

በማግስቱ ጠዋት እንደ ሙሽራ አደረጋቸው። አዲሷን ዓባያ አስተኮሱኝ፤ ጥፍራቸውን ሒና አስቀቡኝ። ከፊሌና ማዳም በራሳቸው መኪና ፊት ሄዱ። እኔና ማማ፣ ወንበሩ ስለሚጫን፣ የቤቱ ሹፌር በሚነዳው ትልቅ መኪና ተከተልን። ሹፌሩ የጎንደር ሰው፣ ክርስቲያን ነው። ከስንት ጊዜ አንዴ ነበር አማርኛ የማወራው።

“ምን ልታደርጉ ነው የምትሄዱት እህቴ?” አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

“ማማ ቤት ሊመርጡ ነው።”

“የምን መምረጥ? ቤቱ እኮ ተገዝቶ አልቋል። የመጋረጃ ለኪውን ባለፈው ሳምንት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ የምናየው እሱ ነው። ሌሎቹን ለደንቡ ያህል ነው የሚያሳዩአቸው፣ እንዳይከፋቸው።”

ማማ አጠገቤ ሆነው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። “ምን ይላል?”

ሒናው ገና ደማቅ ነበር። “መንገዱ ተጨናንቋል ነው የሚለው” አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቤት መግቢያ ላይ ሰባት ደረጃ ስላለው ማማን ከመኪና አላወረድናቸውም። ሁለተኛው ፎቅ የሌለው፣ ያረጀ፣ ግን ንጹሕ ቤት ነበር። ማድቤቱ ለብቻው ነው፤ ሴቶች የሚገቡበት በር በጎን በኩል አለ፤ ግቢው ውስጥ ሁለት የተምር ዛፍ ቆሟል። ማማ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አስገፉኝ። ቁም ሣጥን አስከፈቱኝ። ቧንቧ አስከፈቱኝ፤ ውኃው ዝገት ለብሶ መጣና “ይጠራል፣ ይጠራል” አሉ። ከማድቤቱ ቀጥሎ ያለች ጠባብ ክፍል ጋ ስንደርስ መስኮቷን በአገጫቸው እያሳዩ “ላንቺ” አሉኝ። መስኮቷን ከፈት አድርጌ ዘጋኋት።

ሦስተኛው ትልቅ ቪላ ነው፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም የሚሸት። መጅሊሱ ላይ መጋረጃው ተሰቅሏል። ለማማ የታሰበው ክፍል ከጀርባ በኩል ሆኖ፣ መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ግንብ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ይነካል። ከፊሌ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ፈገግ አለ።

“እሺ እናቴ፣ የቱን መረጡ?”

ማማ ቀና ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ እንደሚያስብ ሰው አመነቱ። ከዚያ “ሁለተኛውን” አሉ።

ከፊሌ ጎንበስ ብሎ ራሳቸውን ሳማቸው። “ኸይር፣ ኢንሻአላህ።” ማዳም ስልኳን አውጥታ ወደ ውጭ ወጣች።

ስንመለስ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ማማ ግን ፊታቸው በርቶ “አየሽ፣ ጠየቀኝ እኮ” ይሉኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሦስተኛው ቤት ገባን። ማማ ሲደርሱ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ “እዚህ የምንቆየው ያኛው እስኪታደስ ነው፣ አይደል?” አሉኝ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። በዓይኗ ተቆጣችኝና እሺ በያቸው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

“ኢንሻአላህ ማማ” አልኩ።

ልብሳቸውን፣ የሟች ባላቸውን የዱዓ መቁጠሪያ፣ የጭቃ ቤቱ ዘመን የመዳብ ሳህኖቻቸውን የያዙ ሦስት ጥቅሎች ነበሩ። ልፈታ ስጀምር ከለከሉኝ። “ሁለት ጊዜ ምን አለፋሽ? እዚያው እንፈታዋለን።” ጥቅሎቹ ግድግዳ ተደግፈው እንደታሰሩ ቀሩ። የሚለብሱትን ብቻ ከላይ በኩል እጄን እየከተትኩ አወጣ ነበር።

ቴሌቪዥኑን ስከፍትላቸው ፕሮግራሙ አሁንም ይመጣል። ክፍል ማደል ግን ተዉ። “ማድቤቱ የእኛን አይመስልም?” ይሉኛል አልፎ አልፎ፤ የእኛ የሚሉት ያንን ሁለተኛውን ነው። “ይመስላል” እላለሁ። ልጃቸውን ግን ስለዚያ ቤት ጠይቀውት አያውቁም። እናት ልጇን አታጣድፍም ብለው ይሁን፣ መልሱን ፈርተው ይሁን፣ አላውቅም። ሦስት ወር፣ አራት ወር አለፈ። ከዚያ “ቴሌቪዥኑን አትክፈቺው” አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው መዋል ጀመሩ። ምግብም ቀነሱ።

ልነግራቸው የተነሳሁባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን እየጎነጎንኩ “ማማ፣ ያ ቤት…” ብዬ ጀመርኩ። “እህ፣ ምን ሰማሽ?” ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ሲከፈት አይቼ፣ “ተምሩ አፍርቶ ይሆናል” አልኳቸው። ሳቅ አሉ። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም።

የሪያድ ብርድ ሲገባ ደረታቸውን ዘጋቸውና ሹመይሲ ሰፈር ያለው ሆስፒታል አስገባናቸው። ዐሥራ አንድ ቀን አብሬያቸው ሆንኩ። ልጃቸው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ እጃቸውን ይስማል። በዐሥረኛው ቀን፣ እሱ ከሄደ በኋላ፣ ወደ አፋቸው እንድጠጋ ጠሩኝ።

“ቤቱ ደረሰ?”

“ደርሷል ማማ።”

“ጥቅሎቹን አንቺው ፍቺያቸው። ማዳም እንዳትነካቸው።”

በማግስቱ እኩለ ቀን፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ፣ ነርሷ አንሶላውን ወደ ላይ እየሳበች ነበር።

የለቅሶው ሦስት ቀን ሲያልቅ ከፊሌ ብቻውን ወደ ክፍላቸው ገባ። እኔ አልጋውን እያነሳሁ ነበር። ጥቅሎቹን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

“ይሄ ምንድን ነው? ግማሽ ዓመት አልፎን፣ የእናቴን ዕቃ ሳትፈቺ?”

“እምቢ ብለውኝ ነው ባባ።”

“ለምን?”

ያን ጊዜ ነገርኩት። ሁለተኛው ቤት እስኪታደስ ይጠብቁ እንደነበር፣ እዚያ ነው የምንፈታው እንዳሉኝ፣ ሆስፒታል ሆነው ደረሰ ወይ ብለው እንደጠየቁኝ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እየተናገርኩ አንሶላውን ደጋግሜ አጠፍኩት። ከፊሌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሽማጉን፣ የራስ መጠምጠሚያውን፣ አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገው።

“ስንት ጊዜ መጥቼ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ለምን አልነገርሽኝም?”

“የጠየቀኝ ሰው የለም” አልኩት። በዓረብኛ ስለው ካሰብኩት በላይ ጠንክሮ ወጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ተነስቶ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብሎ አላየኝም። ማዳም “ላንቺ የሚሆን ሥራ የለንም” አለችኝና በ2016 መጀመሪያ ላይ ኹሩጅ ተመታልኝ፤ የመውጫ ፈቃድ መሆኑ ነው። ጥቅሎቹን እኔ ፈታኋቸው። መዳቡን አጥቤ በመደርደሪያ ደረደርኩ፤ ልብሱን የማዳም እህቶች መጥተው ለምጽዋት ወሰዱት። ከበር ስወጣ ሹፌሩ ሻንጣዬን ተቀበለኝና አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። ስንለያይ “ያን ቀን አፌን በያዝኩ ኖሮ እህቴ” አለኝ። “አንተ እውነቱን ነው የተናገርከው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

አገሬ ስገባ አክስቴ ቤት አረፍኩ። ሰው ሁሉ ስለ ሪያድ ሙቀት፣ ስለ ሕንጻው ሲጠይቀኝ ቆየና እንግዳው ሲበተን አክስቴ አጠገቤ ቁጭ አለች።

“ትጠብቂያቸው የነበሩት አሮጊት እንዴት ሆኑ?”

“ሞቱ።”

“አላህ ይዘንላቸው። በደንብ ይዘሻቸው ነበር?”

“አዎ” አልኳት። ከዚያ ውኃ ልቅዳ ብዬ፣ እንስራው ሙሉ መሆኑን እያየሁ፣ ተነስቼ ወጣሁ።