ነጅማ በረሃውን ያላየችበት ጉዞ

ይድረስ ከጅዳ እስከ መካ ተዘርግታችሁ ለምትገኙ ተራሮች፣ ድንጋዮች፣ የግራር ቁጥቋጦዎች፣ ባለቤት ላላችሁም ለሌላችሁም ግመሎች። ቁመቷ ከሚኒባስ በር እጀታ እምብዛም የማይዘል፣ ነጅማ የምትባል የሰርቪስ ሞግዚት የፊታችን ቅዳሜ በባቡር መስኮት ልትጎበኛችሁ ቆርጣ ተነሥታለች። ስለዚህ አቧራችሁን አራግፋችሁ፣ በየማዕረጋችሁ ተሰልፋችሁ እንድትጠብቋት ታዟል። የሚቀር ተራራ ቢኖር ለሚደርስበት ነቀፌታ ኃላፊው ራሱ ነው።

በአዋጁ የሚስቅ ይሳቅ። ነጅማ ግን የምሯን ነበር።

ከወሎ ከመጣች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ በሌሊት ተወስዳ መካ፣ ሩሰይፋ ውስጥ አንዲት ማዳም ቤት ለሥራ ገባች። ማዳም ወደ ጅዳ ስትዛወር ነጅማንም ከፍራሹና ከማቀዝቀዣው ጋር በዝግ መኪና ጭና አመጣቻት። ከዚያ ወዲህ ለዑምራ የሄደችውም በጨለማ፣ ሰው በታጨቀበት መኪና ነው፤ በእሷና በመስኮቱ መካከል ሁልጊዜ የአንዲት ወፍራም ሴት ትከሻ ይኖራል። አሁን ደግሞ በኒ ማሊክ ሰፈር ወላጆች ቤት ተከራይተው በከፈቱት የአማርኛ ትምህርት ቤት ልጆቹን በሚኒባስ የምታመጣና የምትመልስ እሷ ናት። የሞግዚት ወንበር የት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በሩ ሥር ነው፣ ታጣፊ ነው፣ ፊቱም ወደ ልጆቹ የዞረ ነው። ሾፌሩ ሁንዴ ወደ ፊት ይነዳል፤ ነጅማ ወደ ኋላ ትጓዛለች። ጅዳን የሚያህል ከተማ በጀርባዋ በኩል ሲያልፍ እሷ የምታየው አፍንጫውን የሚጎረጉር ልጅ ነው።

ወሎ ያሉት እናቷ በየጁምዓው ይደውላሉ። እኒያ እናት ልብስ ላኪልኝ፣ ስልክ ላኪልኝ የሚሉ አይደሉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የነቢዩ ሰሓቦች በእግራቸው የተመላለሱበት አገር ምን ይመስላል? ተራራው ከኛ ተራራ ይበልጣል? ነጅማ ከግድግዳ በቀር ያየችው እንደሌለ ስትነግራቸው ይቆጣሉ።

«አሥራ ስድስት ዓመት! ፍየል እንኳ አንዴ የነዷትን መንገድ አትረሳም» ይሏታል።

እናት ከፍየል አሳንሳ ስትመዝን ያቃጥላል። ነጅማም ከዛሬ ነገ አያለሁ ስትል በዚህ መሐል የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አድነው ተነሡ።

አቶ አድነው ጃሚዓ ሰፈር የአንድ ባለጸጋ ቤት ሾፌር ናቸው። ሳምንቱን «ሓድር፣ ሓድር» እያሉ ሲታዘዙ ይሰነብቱና ቅዳሜ ሲደርስ ሰብሳቢ ይሆናሉ። ሁለት ሰው ቆሞ ካገኙ ስብሰባ ይከፍታሉ፤ ሦስተኛ ከመጣ ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። አንድ ቀን በስልካቸው ላይ ጭስ እየተፋ በጫካ ውስጥ የሚጠማዘዝ የፈረንጅ አሮጌ ባቡር አዩ። በማግስቱ «ታሪካዊና ቅርሳዊ የባቡር ጉዞ በምድረ በዳው ውበት ውስጥ፦ ከጅዳ እስከ መካ» የሚል ባነር ታትሞ መጣ። የዚህ መስመር ባቡር ጭስ የለው፣ ፉጨት የለው፣ ከልጆቹ የማይበልጥ ዕድሜ ያለውና እንደ ጥይት የሚወነጨፍ ነው። አቶ አድነው ግን መኢሶ፣ ከድሮው ሐዲድ አጠገብ ያደጉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ባቡር ማለት ቀን ሙሉ የሚንቀራፈፍ፣ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር ብርቱካን በመስኮት የሚሸጥበት ነገር ነው። ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው የቀን ስንቅ እንዲሰንቁ መመሪያ ወረደ፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ ሻይ በፔርሙስ።

አሁን ደግሞ ዋናው ጉድ። ከልጆቹ ግማሹ የሙስሊም፣ ግማሹ የተዋሕዶ ልጅ ነው። መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ጅዳ ውስጥ የለም፤ ከአውሮፕላን በወረደ ማግስት የሚማረው ነው። ታዲያ በስብሰባው ላይ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ዝም አለ። ሙስሊሞቹ «የናንተ ልጆች አይገቡም» ማለት ጎረቤት ማስቀየም መሰላቸው። ክርስቲያኖቹ «የኛስ?» ማለት የሰው ደስታ ማደፍረስ መሰላቸው። የሶልያና እናት ወለተ ሥላሴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሰው ሁሉ «ተገላገልን» ብሎ ሲዞርላት መስኮት ቢከፈት ጥሩ ነው አለችና ተቀመጠች። ይሉኝታ የሚሉት ይኸው ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል «እሳት» ማለት ያለበት ታላቅ ሰው ነው ተብሎ ይጠበቃል።

ነገሩን በመጨረሻ የነኩት አቶ አድነው ራሳቸው ናቸው። በባቡር የሚሄድ ሰው መሬት አልረገጠም፣ ጣቢያም መድረክ እንጂ ምድር አይደለም ብለው በሰፊው ተነተኑ። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ። ነጅማም አጨበጨበች። ነገሩ እብደት መሆኑ አልጠፋትም። ግን ጉዞው ከቀረ መስኮቱም ይቀራል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁንዴ ልጆቹን ጅዳ ባቡር ጣቢያ አራገፈና መልሶ የሚያመጣቸው እሱ ስለሆነ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ሩሰይፋ ቀደመ፤ የመካው ጣቢያ ያለው እዚያ ነው፣ ሁንዴም ሙስሊም ስለሆነ የሚያግደው የለም። ልጆቹ በባነሩ ሥር ተሰለፉ። መግቢያው ላይ የቆመው የጣቢያው ወጣት ሃይማኖት የተጻፈበትን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማቸውን ጠየቀ፣ አንድ በአንድ አየ፣ ከዚያም ልጆቹን በትሕትና ሁለት ቦታ ከፈላቸው። እነዚህ ይለፉ፣ እነዚህ ግን ይቅርታ አለ። አቶ አድነው የመድረኩንና የምድሩን ትንተና በዐረብኛ አንድ ባንድ አስረዱት። ወጣቱ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ የእሳቸውንም ኢቃማ እንዲያሳዩት ለመናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ቀሩ እኮ» አለች ነጅማ ቀስ ብላ።

ለካ ሊቀመንበሩ ለሁሉም ልጅ ስንቅ ሲያስቡ የገዛ ሃይማኖታቸውን ረስተውት ኖሯል። ግንባራቸውን ጠረጉ። ከትልልቆቹ መካከል መሄድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«ነጅማዬ፣ እንግዲህ ታሪክ ኃላፊነቱን ባንቺ ላይ ጥሏል» አሏት።

ታሪክ ሳይሆን አቶ አድነው ናቸው የጣሉባት፤ ግን ለመከራከር ጊዜ አልነበረም። የሶልያና ጓደኛ ፋጤ፣ ሶሊ ካልሄደች እኔም አልሄድም ብላ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ነጅማ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በአላህ ስም አስፈራራቻት። ምንም። ያነሣቻት ሶልያና ናት። የራሷን ስንቅ ከሥሯ አስቀመጠችላትና፦

«ያላ፣ ሂጂ። በመስኮት እይና ያየሽውን ትነግሪኛለሽ» አለቻት። ሌሎቹም የቀሩት ልጆች ስንቃቸውን አምጥተው የሚሄዱትን አሸከሟቸው። ሁሉም አንድ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ገባ።

ነጅማ ልጆቹን አስቀመጠች። ግማሹ ወንበር ባዶ ስለቀረ መስኮት ተትረፈረፈ። አንዱ ጋ እሷም ተቀመጠች፤ ፊቷ ወደ ፊት፣ እጆቿ ጭኗ ላይ፣ ነጠላዋ ተስተካክሎ። ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ ተንሸራተተ። ቤቶቹ ሳሱ። አጥር መጣ፣ አጥሩ አለቀ። «ቢስሚላህ» ብላ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

ያን ጊዜ ፋጤ የሶልያናን ዕንቁላል ፍለጋ ካርቶኑን ገለበጠችው።

በድሮው የመኢሶ ባቡር ዕንቁላል ቢወድቅ የወደቀበት ይገኛል። በዚህኛው አይገኝም። የሁለት ሃይማኖት ዕንቁላል በአንድነት ተንከባሎ በየወንበሩ ሥር ተበተነ። ፔርሙሱ ተከፈተ፣ ሻዩ በመተላለፊያው ፈሰሰ። ኢሕራም የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ወደ ላይ አነሡ። ነጅማ ከወንበሯ ዘላ በጉልበቷ ወረደች። ከዚህ ወንበር ሥር አንድ ስታወጣ ከዚያኛው ሥር ሁለት ይወጣሉ። ልጆቹ «እዚያ ነው! እዚህ ነው!» እያሉ አብረዋት ተንበረከኩ፤ አንዱ የረገጠውን እየበላ ነበር። ነጠላዋን አውልቃ ሻዩን ጠረገችበት። ይቅርታ፣ ማዕሌሽ፣ እያለች የመጨረሻውን ከሽማግሌው ጫማ ሥር ይዛ ቀና ስትል ባቡሩ ቆሟል።

ከውጭ ሩሰይፋ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የወለወለችው መንደር።

ጉልበቷ እንደረጠበ ልጆቹን አወረደች። ሁንዴ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀ ነው። ገና ከመድረሳቸው ለምን እንደተቆጣች ሲጠይቃት የዕንቁላሉን ካርቶን አስታቀፈችው። ፎቶ የሚነሡበት ባነር ጅዳ ቀርቷል፣ ሊቀመንበሩም ቀርተዋል። ልጆቹን ጫነች፣ በሩን ዘጋች፣ ታጣፊውን ወንበር ዘረጋች። መንገዱ ሁሉ በጀርባዋ በኩል አለፈ። ከፊቷ አንድ ልጅ አፍንጫውን ይጎረጉራል።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ጉዞው በታላቅ ስኬት መጠናቀቁን በቴሌግራም ገልጿል። ፎቶው ላይ አቶ አድነውና ባቡር ላይ ያልወጡት ልጆች በባነሩ ሥር ፈገግ ብለው ይታያሉ። ፋጤም ለሶልያና ሁለት አንበሳና አንድ የበረዶ ተራራ ማየቷን ተርካላታለች፤ ሶልያና አምናታለች። ሕፃን ሲዋሽ ያምርበታል። ነጅማ ግን ለእናቷ መዋሸት አትችልም፤ እኒያ ሴት ወላሂ በይ ሳይሉ ወሬ አይቀበሉም።

ጁምዓ ደወሉ።

«አየሽው?»

«ሄድኩበት እማ።»

«መሄድሽን አልጠየቅሁም። ምን አለ?»

ነጅማ ብዙ ካሰበች በኋላ «ዕንቁላል» አለች።

እናት ስለ ፍየሏ እንደ አዲስ ጀመሩ።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጉሮሮህን ጠርገህ «መስኮት ክፈቱ» ከሚሉት ወገን ከሆንክ፣ አንተን የሚለምን የለም፤ ተቀመጥ። ግን መካ የሚያስገባ ኢቃማና የባቡር ቲኬት ያለህ ሰው ብትሆን፣ አደራህን፣ ከጅዳ አጥሩ ሲያልቅ ስልክህን ኪስህ ክተትና ቀና በል። ተራራው ከወሎ ተራራ ይበልጥ እንደሆነ፣ አይበልጥም እንደሆነ፣ አንዲት ዛፍም ብትሆን ካለች ልብ ብለህ ያዝና ጁምዓ ሳይደርስ በኒ ማሊክ፣ በሚኒባሱ በር ሥር ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ለተቀመጠችው ሴት ንገራት።