ትንሿ ጥይትና ታላቅ ወንድሜ

ልጅ ሆኜ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የጀመርኩት ዳላስ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም እየቀዳሁ እሠራ ነበር። ያስጀመረችኝም እዚያው ፎቅ ላይ የምትሠራ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራት ነጭ ነርስ ናት። ከዳላስ ወጣ ብላ ካለችው ከሌዊስቪል በስተሰሜን መሬትና አርባ ያህል ፍየሎች ነበሯት። ባሏን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ወዲህ፣ ኮዮቴ የሚሉት የቀበሮ ዘመድ ግልገሎቿን አንድ በአንድ እየለቀመ አስቸገራት። ይህን ምሳ ላይ ነገረችኝ። አጥር ላግዛት ብዬ ቅዳሜ ሄድኩ።

አጥሩን ጠገንን። በማግስቱ ሌላ ግልገል ተበላ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ባልየው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን በግራ እጁ አቀበለኝ። ሚስቱ ዓይኗ ደክሟል፤ እሱ አይችልም፤ ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ጥይቷን መዳፌ ላይ ሳያት ሳቄ መጣ። ትሪፕል ቱ ይሏታል። ርዝመቷ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም፤ ጫፏ ላይ ያለችው እርሳስም ከሽንብራ ፍሬ ትቀጥናለች። ስተኩሳት ግን ገባኝ። ትከሻዬን አልመታችኝም፤ ዓይኔም ጠመንጃው ላይ ከተገጠመው መነጽር አልተነቀለም፤ ወረቀቱ ሲበሳ አየሁት። በወሩ መጨረሻ ከመቶ ያርድ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሼ ሦስቱንም ቀዳዳ በአንድ ሳንቲም እሸፍን ነበር። ባልየው ሌሎቹንም አስሞከረኝ። ሆርኔት የምትባለው ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ደግ ጥይት ናት፤ ራቅ ሲል ግን አቅም ያንሳታል። ትዌንቲ ቱ ቱ ፊፍቲ ደግሞ እንደ መብረቅ ፈጣን ናት፤ ነገር ግን ጆሮ ታደነቁራለች፣ ጥቂት ከተኮሱባትም አፈሙዙ እንደ ምጣድ ይግላል። ተመልሼ ትሪፕል ቱን ያዝኩ።

ጥይት ልገዛ ሱቅ ስገባ ሻጩ ለባሌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባል የለኝም አልኩት። ከዚያ ትልልቁን ያወርድልኝ ጀመር። ትሪፕል ቱ የሽማግሌ ጥይት ናት፣ ዛሬ ማንም አይጠይቃትም አለኝ። እኔ እየጠየቅኩህ ነው አልኩት። ሁለት ፓኮ ሰጠኝና ፊቱን አዞረ።

የከበደኝ ሱቁ ሳይሆን ቤቴ ነበር። ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ውስጥ በተከራየሁት ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከእኔ ጋር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ አገር ቤት ሳለ ሰሜን ጦር ግንባር ለዓመታት ተዋግቷል፤ ያኔ ታክሲ ይነዳ ነበር። የጥይቱን ፓኮ ጠረጴዛ ላይ አገኘው። አንዷን አንስቶ ገለበጣትና፣ "ይቺ ለአይጥ ናት?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መሳቂያ አደረገኝ። ሴት ልጅ ጠመንጃ መያዟ ሳያንስ የያዘችውም መጫወቻ ነው እያለ ይተርታል። እኔ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሄድኩ።

በክረምቱ መጨረሻ፣ ፍየሎቹ በሚወልዱበት ሰሞን፣ እኔም እመጣለሁ አለ። ተርቲ ኦት ሲክስ የሚባለውን፣ አጋዘን የሚጥለውን ትልቅ ጠመንጃ ገዝቶ ነበር። ስንደርስ ባልየው ሁልጊዜ ለእኔ የሚለውን ለእሱም ነገረው፤ አውሬውን ከማየትህ በፊት ከኋላው ያለውን እይ። ምክንያት ነበረው። ከሌዊስቪል በኩል አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ወደ መሬቱ ተጠግተዋል። የእኔ ጥይት ቀላልና ፈጣን ስለሆነች አፈር ስትነካ አብዛኛውን ጊዜ ትበታተናለች፤ እሷንም ቢሆን ከኋላ አፈር ካላየሁ አልተኩሳትም። የወንድሜ ጥይት ግን ኮዮቴውን በስታ ወዲያ ማዶ ትሻገራለች። ወንድሜ ሰማ፤ አንገቱን ነቀነቀ፤ ተርጉሚልኝ እንኳ አላለኝም።

ጎን ለጎን በሆዳችን ተኛን። ፀሐይ ወጣ ስትል ኮዮቴው ከፊታችን ባለው ጉብታ ጫፍ ላይ ብቅ አለ፤ ቆሞም ፍየሎቹን ያይ ጀመር። ከኋላው፣ ከጉብታው ማዶ፣ ያላለቀ ጣሪያ ይታያል። ጣሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ምስማር ይመታሉ። የመዶሻውን ድምፅ እሰማለሁ።

ወንድሜ ጣቱን ቃታው ላይ አደረገ።

"ጋሼ፣ ሰው አለ፤ ተው" አልኩት። አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶ ናቀኝ። እጄን ዘርግቼ አፈሙዙን ወደ መሬት ተጫንኩትና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩበት። ፊቱ ደም መሰለ። በዕድሜዬ ጮኼበት አላውቅም።

ኮዮቴው በጩኸቴ ይሮጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ ያልገባው ይመስል ከጉብታው በዱብ ዱብ ወርዶ ሥሩ ባለው ኩሬ ዳር ዞሮ ቆመ። እዚያ ጋ ከኋላው የኩሬው ግድብ አለ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ክምር። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። መነጽሩ ውስጥ ትከሻው ላይ አነጣጥሬ ሳብኩ። እንደቆመ ወደቀ፤ እግሩ እንኳ አልተወራጨም። ግድቡም ላይ አቧራ አልተነሳም፤ ጥይቷ ከአውሬው አላለፈችም።

ወንድሜ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ወደ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። ለጓደኞቹ ግን ነገራቸው፤ አዋረደችኝ፣ ከእጄ ላይ መሣሪያ ነጠቀችኝ ብሎ።

በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን አንድ አዛውንት ሊያስታርቁን ቤታችን መጡ። ታላቅሽ ነው፣ በጦር ሜዳ የኖረ ሰው ነው፣ ይቅርታ ብትጠይቂው ምን ትሆኛለሽ አሉኝ። ወንድሜ ሶፋው ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ስለጮህኩበት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" አልኳቸው። "አፈሙዙን ስለያዝኩት ግን አልጠይቅም። ነገም እይዘዋለሁ።"

እንደገና ለመኑኝ፤ እንደገና ያንኑ አልኩ። እንድለሳለስ ዓይናቸው ሲለምነኝ አየሁ፤ ግን ቃሌን አልቀየርኩም። ያን ቀን ጎንበስ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ላይ ስለነበሩት ሁለት ሰዎች ዋሸሁ ማለት ነበር።

ወንድሜ ቀና አለና እኔን ሳይሆን አዛውንቱን እያየ፣ "ሰዎቹን አላየኋቸውም ነበር" አለ። ድምፁ ተሰብሯል። "እኔ ሰው አጠገቤ ሲወድቅ ያየሁ ሰው፣ አላየኋቸውም።"

አዛውንቱ ምርቃት ጀመሩ። እኔም ተነስቼ ጉልበቱን ሳምኩት፤ ስለ ጩኸቴ ብቻ።

ትልቁን ጠመንጃ በወሩ ሸጠው። በምትኩ ቱ ትዌንቲ ስሪ የሚሏትን ጠመንጃ ገዛ፤ የእኔይቱ ታናሽ እህት ናት፤ ቀለህዋ ትንሽ ይረዝማል፣ ጥይቷም በየሱቁ ትገኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መሄድ ጀመርን፤ ነርሷም ከዚያ በኋላ የሞተባት ግልገል ጥቂት ነው። ወንድሜ ዛሬም የእሱ እንደምትበልጥ ይከራከረኛል። ትገኛለች፣ ርካሽ ናት፣ ወታደርም ይይዛታል ይላል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ትሪፕል ቱን አልለውጥም።