ኮምፒውተሬን «ማን» ብዬ ብጠይቀው

ዛሬ ኮምፒውተሬን «ማን» ብዬ ብጠይቀው «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» አለኝ።

ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ ላይ፣ የአጠቃቀም መመሪያ ለመክፈት ኤም፣ ኤ፣ ኤን ብዬ ስጽፍ ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው። የቀደመውን ትእዛዝ የሚያመጣውን የላዩን ቀስት በተጫንሁ ቁጥር ያንኑ «ማን» ይመልስልኛል።

አከራዬ የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ «ይበል!» አሉ። «‹ትእዛዝ የሚጠብቅ ማን አለ?› አልኸው፤ ‹የለም!› አለህ።»

«ማን» ተብሎ ሲጻፍም መመሪያው እንዲከፈት አስተካከልሁት። ተከፈተ።

«ምነው ልጄ፣ ቅኔውን ገደልኸው!» ብለው ተቆጡ። አከራይ ናቸዋ፤ እንደነበረ መለስሁት።

አለቃዬ ከደብረ ኤልያስ ደውላ «ሥራውን ማን ነው ያዘገየው?» ስትል፣ የኔታ ከኋላዬ «ይበል!»

እናንተስ ኪቦርድ መቀየር ረስታችሁ ምን ቅኔ ዘረፋችሁ?