ተሳቢ ማድ ቤት

አባቴ በዕድሜው አራት ቤት ሠርቷል። በአራቱም ማድ ቤቱ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ሳሎኑ ካለቀ፣ አጥሩ ከታጠረ፣ የግቢው በር ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ ከጓሮ፣ በተረፈው ቆርቆሮ። ይህን የምለው እሱን ለማማት አይደለም። እኛ ሠፈር፣ ነቀምት በከኒሳ ቀሴ፣ የማን ማድ ቤት ከዚህ ይሻል ነበር? ቤት ማለት ፊት ለፊቱ ነው፤ ማድ ቤት ከኋላ የሚከተል ነገር ነው። አምስተኛው ቤቱ ጀልባ ባይሆን ኖሮ ይህ እምነቱ ማንንም ባላስቸገረ።

አባቴ በያጅ ነበር። የከተማውን በርና መስኮት ግማሹን እሱ በይዶታል ቢባል አይጋነንም። ሥራ ሲያቆም ያርፋል ብለን ስንጠብቅ፣ ላሜራና ቱቦላሬ ብረት እየገዛ ግቢ ውስጥ መቆለል ጀመረ። የተወለደበት መንደር ሻምቡ አጠገብ ነበር፤ ዛሬ ከፊንጫ ግድብ ውሃ ሥር ነው። እናቴን ያገባት ውሃው መንደሩን ከዋጠው በኋላ ስለሆነ የአማቶቿን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። «ቤታችን ሳላስገባት ብሞት ይቆጨኛል» ይል ነበር። መግባቱ እንኳ ባይሆን፣ ጀልባ ሠርቶ ከቤቱ በላይ ሊያቆምና እዚያ አብረው አንድ ማዕድ እንዲበሉ ፈለገ። ማዕዱም አንጮቴ እንዲሆን፤ ያ ከነልጣጩ ሲቀቀል ግማሽ ቀን የሚፈጀው የወለጋ ሥራሥር፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤ ርሶ።

እናቴ የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናት። ያደገችው እዚሁ ስለሆነ ኦሮምኛዋ ከአባቴ ይሰላል፤ ንዴቷ ግን በወሎ አማርኛ ነው የሚወጣው። «ውሃ ላይ እንደ ዳክዬ ደረቅ ዳቦ ስነክር ልዋልልህ?» አለችው፣ ጀልባው ተበይዶ ሲያልቅ። «ትኩስ ነገር የማይበስልበት ቤት ቤት አይባልም። ማድ ቤት ካለው እመጣለሁ። ከሌለው ዳቦህን ይዘህ ብቻህን ሂድ።» ነገሩን የዘጋችው መስሏት ነበር። አባቴ ግን እሺታ አድርጎ ሰማው፤ በማግስቱ ምድጃ መረጣ ተጀመረ።

ልብ በሉ፣ እናቴን ማንም አልጠራትም። ምድጃ ልንመርጥ የወጣነው ሦስት ሰዎች ነን፦ ጀልባውን የሠራው አባቴ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ እኔ ሴት ልጁ፣ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ስለነዱ ደግሞ ጡረተኛው ጎረቤታችን። ከሦስታችን አንጮቴ ቀቅሎ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው። «አከም ጅርቱ አቦ?» ብሎ አባቴን ከነጤናው ከነቤተሰቡ ጠይቆ ሲያበቃ፣ «ምድጃው ለስንት ቤተሰብ ነው?» አለ።

«ለጀልባ ነው» አለ አባቴ።

«ቢዲሩ?» ባለሱቁ ጀልባውን በኦሮምኛ ደገመው። «ቢዲሩን ኤሳ ጅረ? የት ነው ያለው? አቦ፣ ነቀምት እኮ የቧንቧ ውሃ እንኳ በፈረቃ ነው!»

«ግቢዬ ውስጥ ነው» አለ አባቴ፣ የት እንዳቆመው የተጠየቀ ባለመኪና ይመስል።

ከምድጃው በፊት ማሞቂያ ታየ፤ ግድቡ ዳር ብርዱ አይጣል ነው። ባለሱቁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አውጥቶ፣ «ጭስ የለው፣ ሽታ የለው» ብሎ አወደሰ። ሶኬቱ ከየት ይመጣል አልኩት። «ኤክስቴንሽን አለን፣ ሃምሳ ሜትር» አለኝ። እስቃለሁ ብዬ ወደ አባቴ ዞር ስል፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያሰላል። በመጨረሻ በእውነተኛ ሐዘን «አይደርስም» አለ። ባለሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃና ሲሊንደር ይዘን ወጣን።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። ጀልባው በአቮካዶው ዛፍና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል በግንድ ላይ ተቀምጧል። አባቴ የድሮ ሠራተኞቹን አራት ጎረምሶች ጠርቶ፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ አቁሞ፣ «ማዕበል ሁኑ» አላቸው። ጎረቤታችን ከሥራ በፊት ጸሎት አይቀርም ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ጸሎታቸው ከኖህ ተነሥቶ ዮናስ ጋ ሲደርስ ጀልባው ውስጥ ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት መፍላት ጀምሮ ነበር። አሜን እንደተባለ ጎረምሶቹ ጀልባውን ወዘወዙት፤ ድስቱ ከምድጃው ተንሸራቶ በመስኮት ወጣ። ሠፈሩ በሙሉ አጥር ላይ ነበር። ልጃገረዶቹ በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ገበያ ስወጣ «ዝናቡ መቼ ነው?» የማይለኝ ሰው የለም።

አባቴ ቅር አላለውም። ምድጃው ዙሪያ ድስት የሚያቅፍ የብረት ቀለበት በየደ። ሁለተኛው ማዕበል ላይ ድስቱ ንቅንቅ አላለም፤ አንዱ ጎረምሳ ግን ወገቡን ተጎዳ። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮራሁበት። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ግን አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጠመኔ ይዤ የጀልባው ጎን ላይ ሥዕል ሣልኩ። «የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል» አልኳቸው። «ቤት ውስጥ ቢያፈስ በበሩ ሥር ይወጣል። ጀልባ ግን ሥሩ ድፍን ነው፤ ጋዙ ታች ይተኛና አንድ ክብሪት ይጠብቃል። ከሰልም እናንድድ እንዳትሉ፣ በተዘጋ ክፍል ሳይሸት ይገድላል።» ማለት የፈለግሁት መስኮት ይጨመር፣ ሲሊንደሩ ውጭ ይታሰር ነበር። አባቴ ግን ፊቱ በራ።

«ስለዚህ ማድ ቤቱ ከቤቱ ውጭ መሆን አለበት!» አለ። «ድሮም ብያለሁ። ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ትምህርት እንዲህ ሲሆን ነው።»

«ውጭው እኮ ውሃ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ሠላሳ ዓመት የነዱት ነገር ትዝ አላቸው። «ተሳቢ!» አሉ። «ተሳቢ ይሠራለት!»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በስድስት በርሜል ላይ፣ ከጀልባው በተረፈው ላሜራና ቆርቆሮ፣ አንዲት ማድ ቤት ተሠርታ በስድስት ሜትር ገመድ ከጀልባው ኋላ ታሰረች። ውጭ ከሆነማ እንጨትም ይበቃል ተብሎ የጋዝ ምድጃው ለባለሱቁ ተመለሰ፤ በምትኩ ከገበያ የሸክላ ምድጃ መጣ። ያው ቀለበት ተበየደለት። የማሞቂያውም ጉዳይ በዚሁ ተፈታ፦ ማድ ቤት ውስጥ ውሃ ይፈላል፣ በጀሪካን ይሞላል፣ በገመድ ወደ ሳሎን ይሳባል፣ በጋቢ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይቀመጣል። የሚያፈላው ማን እንደሆነ አልተነሣም።

እናቴ ተጠርታ አየች። ማድ ቤቷን አንድ ጊዜ ዞረቻት፤ እንስራ እንደሚገዛ ሰው በርሜሎቹን በጣቷ ቆርቆር አደረገች። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለች። ሳቅን። ይጣላሉ ብዬ ስጠብቅ ግን ገመዱን ይዛ ቋጠሮውን ስታይ ቆየችና፣ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለች። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ እሺ ማለቷ አልገባኝም ነበር።

በሁለት አይሱዙ ተጭነን፣ ባኮን አልፈን፣ ወደ ሻምቡ ወጣን። ከቀትር በኋላ ጀልባውም ተሳቢውም ውሃ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም አለመስመጣቸው ከሁላችንም በላይ ያስደነገጠው አባቴን ይመስለኛል። ጎረቤታችን ሞተሩን ያዙ። አባቴና እኔ ሳሎን ተቀመጥን፤ ሶፋ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ። እናቴ ስድስት ሜትር ከኋላችን ትከተላለች።

አባቴ ሁለት ኮረብታና አንድ ዋርካ እያነጻጸረ ብዙ ካስዞረን በኋላ፣ «እዚህ ጋ፣ ቤታችን እዚህ ሥር ነው» አለ። ሞተሩ ጠፋ። ነፋሱ ጋቢ ይበሳል። አባቴ በኋለኛው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሙቅ ውሃው!» ብሎ ጮኸ። ቢጫው ጀሪካን በገመድ መጣ። «አንጮቴው ደረሰ ወይ?» «ገና ነው!» «ቅቤው እንዳይረሳ!» አላት። «እንጨቱን ቀንሺ!» «ሰማሽ ወይ?»

ያኔ እናቴ ከማድ ቤቷ ወጣች። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ፈታች። አልቸኮለችም። የፈታችውን ጫፍ ወደ እኛ ወረወረችና ተመልሳ ገባች።

ማድ ቤቷ እያጨሰች አሥር ሜትር ራቀች፣ ከዚያ ሃያ። ጎረቤታችን የሞተሩን ገመድ ደጋግመው ቢጎትቱ አልነሣ አለ። «ሠላሳ ዓመት ስነዳ» አሉ፣ «ራሱን ፈትቶ የሄደ ተሳቢ አላየሁም።» አባቴ አልሳቀም። እናቴ ዋና አትችልም። ፊቱ ሲነጣ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ባለችን አንድ መቅዘፊያ እሱ፣ በምግብ ትሪ እኔ፣ ከነሶፋው ቀዘፍን። ነፋሱ ባይተባበረን ኖሮ እንደርስባት እንደሆን አላውቅም።

ስንጠጋ በሯ ላይ ቆማ ማማሰያ ይዛ ትጠብቀናለች።

«ገመዱን ያዢ!» አለ አባቴ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ምን ነካሽ አንቺ ሴት?»

«ግባ» አለችው።

«መጀመሪያ ገመዱን...»

«የአማቶችሽን ቤት ላሳይሽ ብለህ አመጣኸኝ» አለችው። «ታዲያ ብቻዬን ልቀመጥበት?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። ወደ ጎረቤታችን አየ፤ እሳቸውም ጭንቅ ውስጥ ሲገቡ እንደሚያደርጉት ኮፍያቸውን አወለቁ። አባቴ ማድ ቤት ይሠራል እንጂ እሳት የነደደበት ማድ ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ አርባ ዓመት በትዳር ሲኖር ከደጁ ሆኖ ነበር የሚጣራው። ራሱ የበየደውን ብረት ጨብጦ ተሻገረ፤ በሩን ዝቅ አድርጎ ስለሠራው ግንባሩን መታው፤ ገባ።

ወዲያው ሳል ያዘው። በጀልባው በኩል ያለውን ግድግዳ ጭስ ወደ ሳሎን እንዳይመጣ ብሎ ድፍን አድርጎታል፤ ነፋሱ ደግሞ በሌላው በኩል እየገባ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። አባቴ መሐል ላይ ቆሞ፣ ዓይኑ እየፈሰሰ፣ አንድ እጁን እያራገበ፣ ወሬ እንደሚያበስር ሰው፣

«ይጨሳል እኮ!» አላት።

እናቴ አየችው። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር። ምድጃው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቦታ በእግሯ ጠረግ አድርጋ አሳየችው።

«ዝቅ በል» አለችው። «ወለሉ አጠገብ ይሻላል።»

አባቴ እግሩን አጥፎ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሳሉም ቀስ በቀስ ተወው።