ያልተሰበረችው ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ባለቤቷ ሲሚንቶውን በበረኪና ታጥብ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ «እለፊ፣ አያንሸራትትሽም» አለችኝ። እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሊሙ ገነት ጤና ጣቢያ፣ በበረኪና የሚታጠበው የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። ይህን ያህል ዕድሜ ይዤ በረኪና እፈራለሁ ብዬ ለማን እነግራለሁ?

አዋላጇን ሲስተር ጥሩነሽን ልጆች ሁሉ እንፈራት ነበር። ክትባት የምትወጋን እሷ፣ ጥፍራችንን አይታ የምትቆጣን እሷ። አጭርና ወፍራም፣ የነጭ ጋውኗ ኪስ ከእስክሪብቶ ቀለም የማይጸዳ ሴት ነበረች። በጎማ ጫማ ስለምትሄድ ኮቴዋ አይሰማም፤ ድንገት ከኋላችን ትደርሳለች። ስትስቅ ግን ግቢው በሙሉ ይሰማል።

የዚያን ዓመት የቡና ለቀማ ሊጀመር ሲል እማዬ ካረገዘች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ወዳለችው አክስቴ ስንሄድ አብሬያት ክሊኒክ ገባሁ። ክንዷን አስረው ለኩ፤ ደግመው ለኩ። የደም ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል፣ መውለድ ያለብሽ እዚሁ ሆስፒታል ነው አሏት። እማዬ ደግሞ ሆዴን ይቀድዱኛል ብላ ሆስፒታል እንደ ሞት ትፈራ ነበር። ከክሊኒኩ እንደወጣን ጥግ አስያዘችኝና «ለማንም! ለአኮም፣ ለሲስተርም። ወላሂ በይ!» አለችኝ። አኮ አያቴ ናት። ወላሂ አልኩ። በወላሂ ምሎ ቃሉን የበላ ሰው ከቤቱ ሰው ይሞትበታል ብላ ያስፈራራችኝም አኮ ራሷ ነበረች። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ የእናቴን በሽታ ሸሻጊ ሆንኩ።

ምጡ የመጣው ቡናው በየደጁ ተሰጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ እዚያው ሊሙ ገነት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እህቴ በደህና ተወለደች፤ የእንግዴ ልጁም ወጣ። እልልታው ሳያልቅ ግን የሲስተር ድምፅ ተለወጠ። ደሙ አልቆም አለ። የመጀመሪያውን መርፌ ወጋቻት፤ አልያዘም። ሆዷን አሸች፤ ማህፀኑ እንደ ሊጥ ልል ነው አለች። እኔ ገርበብ ባለው በር የማየው ከአልጋው ሥር ያለውን ባልዲ ብቻ ነበር። ደሙ ጠብ ጠብ አይልም፤ ይወርዳል። እማዬ ራሷን ስታለች።

ሲስተር የቀራትን አንድ መድኃኒት፣ ትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አነሳች። የብልቃጧን አንገት ልትሰብር ስትል ቆም አለች።

«የክትትል ካርዷስ?»

«ጠፍቷል» አለች አኮ።

«ግፊት ነበረባት እንዴ እማማ? አሁን ስለካው ወርዷል፤ ደም ሲፈስ ግን የቀድሞው አይታወቅም።»

«ያ ረቢ! ልጄ ጤነኛ ናት፣ ወላሂ! ጅማ ሄዳ ስትመለስም ደህና ነኝ ብላኛለች፤ ልጅቷም አብራት ነበረች።» አኮ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሲስተር በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣችና ፊቴ ቁጢጥ አለች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ይሄ መድኃኒት የማህፀኗን ደም ስር ጨምድዶ ደሙን ያቆማል። ግን የማህፀኑን ብቻ ለይቶ አያውቅም፤ የጭንቅላቷንም ይጨመድዳል። ግፊት ካለባት ሊገድላት ይችላል። ከሌለባት ደግሞ አለመስጠቴ ይገድላታል። ጅማ ምን አሏት?»

ብናገር በመሐላዬ ትሞታለች፤ ዝም ብል በብልቃጧ። ሽንቴ በእግሬ ላይ ወረደ። «ከፍ ብሏል አሏት» አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም፤ እሷ ግን ሰማች።

ብልቃጧን ወደ ካርቶኗ መለሰች። አንድ እጇን ጨብጣ ከውስጥ፣ ሌላውን ከእማዬ ሆድ ላይ አድርጋ ማህፀኑን በመሃል ጨመቀችው። አምቡላንሱ ሲመጣም አልለቀቀችም፤ እንደዚያው ተንበርክካ እስከ ጅማ ሄደች። እኔ ቤት ቀረሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እናቴን ገደልኳት እያልኩ አልጋ ሥር እገባ ነበር።

እማዬ ተረፈች። ሲስተር እጇ ዝሎ ለሳምንት ያህል እስክሪብቶ መያዝ አቅቷት ነበር። አራስ ልትጠይቅ ቤታችን ስትመጣ እማዬ «ሲስተር፣ ግፊቴን ማን ነገረሽ?» አለቻት። ሻይ እንደያዝኩ በቆምኩበት ደረቅሁ። ሲስተር ወደ እኔ ዞርም አላለች።

«ያበጠው እግርሽ ነገረኝ» አለች።

እማዬ ይህን ለስንቱ አወራችው! አምና ሲስተር ስታርፍ ለቅሶ ቤት ተቀምጣም «እግሬን አይታ ብቻ!» ትል ነበር። እኔ አጠገቧ አቀርቅሬያለሁ። በሲስተር ውሸት የተነሳ እናቴ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምታምነው እኔን ነው።

ትናንት ደወለችልኝ። የግፊት ኪኒኗን ከተወች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ራሷን ያዞራታል። «ለእህትሽ እንዳትነግሪ። አንቺ እኮ ሚስጥር ታውቂያለሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ዛሬ ማታ ለእህቴ እነግራታለሁ። እማዬ «ማን ነገረሽ?» ስትላት ግን የሚዋሽልኝ ሰው የለኝም።